ራይስ ሽዴሊ የከፈተው በር

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 14 ቀን 2009፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሽዴሊ ቢን ማህረዝ ከአልጋው ሳይነሣ ቀረ። በጓሮው ከወይራው ግንድ ላይ የታሰረ መረብ ነበር፤ እኩሌታው እንኳ አላለቀም። በመከር እየመጡ ፍሬውን የሚያራግፉትን ወፎች ለመከልከል ሲሠራው የሰነበተ ነው። የእንጨት መርፌው ክሩን እንደ ጎረሰ መረቡ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ሚስቱ መህቡባ ማንም እንዳይነካው አለች፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ጎንበስ እያሉ በሥሩ አለፉ።

ጎንበስ ያለ ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም። የመረቡ ዓይን ለወፍ እጅግ ሰፊ ነበር። ድንቢጥ ቀርቶ ርግብ ክንፏን ሳትሰበስብ ታልፍበታለች። ሽዴሊ ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ እጁ ሌላ መጠን አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ያሰረው ሰው የሚያህል ዓሣ የሚያስቆም መረብ ነው። መህቡባም ነግራው ነበር።

«ወፎቹ በሳቅ ይሞቱ እንደሆን እንጂ በዚህስ አይያዙም» አለችው።

«ጥላውን ሲያዩ ይመለሳሉ» አላት። ቱና የሚሉት ያ ግዙፍ ዓሣ ይመለስ ነበርና።

የተወለደው በመርሳ ዓማራ ነው፤ ወደ ባሕር ከሚገባው ከሬስ አዳር አፍንጫ በስተደቡብ፣ ነፋስ አጥታ በማታውቅ መንደር። አባቱ ከሐልፋ ሣር ገመድ እየገመደ ለመንደሩ የዓሣ ወጥመድ የሚያቀርብ ሰው ነበር። ሣሩን በባሕር ውሃ ይዘፈዝፋል፣ በድንጋይ ይቀጠቅጣል፣ ከዚያ በመዳፎቹ እያሸ ይገምዳል። ሽዴሊ ጢም ሳያበቅል ከአባቱ ግቢ ወጥቶ ወጥመዱ ላይ ቀዛፊ ሆነ። ቀጥሎ መረብ ሳቢ፣ ቀጥሎ የበር ጠባቂ። ራይስ፣ የወጥመዱ አለቃ፣ ለመሆን ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ራይስ የሚሆነው ሌላ ራይስ ሲሞት ወይም ዓይኑ ሲደክም ብቻ ነውና።

የመንደሩ እስትንፋስ ያ ወጥመድ ነበር። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ባሕሩ ውስጥ የመረብ ግቢ ይተከላል፤ ታቹ በመልሕቅ ተይዞ፣ ላዩ በቡሽ ተንሳፍፎ። ከባሕሩ ዳር አንድ ረጅም የመረብ ግድግዳ ወደ ጥልቁ ይወጣል። ሥጋው ደም ስለሚመስል ቀይ ቱና የሚሉት ዓሣ ዕንቁላሉን ሊጥል ወደ ሞቃቱ ባሕር ሲገባ ዳር ዳሩን ይዞ ይመጣል፤ ግድግዳው ያስቆመዋል፤ ወደ ጥልቁ ዞር ሲል በር ያገኛል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያለፈ መጨረሻ ላይ ታቹ የመረብ ወለል ያለው ክፍል ይገባል። ያኔ ጀልባዎቹ ዙሪያውን ይቆማሉ፤ ሰዎቹ እየዘፈኑ ወለሉን ወደ ላይ ይስቡታል።

የዚህ ሁሉ አለቃ ራይሱ ነው። ራይሱ በጀልባው ጠርዝ ላይ በደረቱ ይተኛል፤ ታቹ መስታወት የሆነ ሳጥን ውሃው ላይ ያስቀምጥና ፊቱን ውስጡ ይከታል፤ ከላይ ብርድ ልብስ ይጥሉበታል። እሱ እያየ ሳለ ማንም አይናገርም። ማፏጨት ነውር ነው። እጁን ብቻ ያወጣና በጣቶቹ ያዛል፤ ጡጫ ሲጨብጥ በር ይከፈታል፣ መዳፉን ሲዘረጋ ይዘጋል።

ሽዴሊን ይህን ያስተማረው ራይስ ጢጃኒ ነው፤ የመህቡባ አባት። ኋላ አማቱ የሆነው ይህ ሰው ቁጡና ተሳዳቢ ነበር። «ቂጥህን ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላትህን ወደ ባሕር። ሌላው የሴቶች ወሬ ነው» ይለው ነበር። አንዲት ነገር ላይ ግን ጢጃኒ ቀልድ አያውቅም፤ ትንንሾቹን ማሰናበት ላይ። ገና ያልወለደ ቱና ከመርሳ ዓማራ ወጥመድ በመንጠቆ አይወጣም። ሕግ ኋላ መጥቶ ልክ አበጀለት እንጂ ልማዱ ከሕጉ በፊት ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ትንንሾቹ ላይ ላይ ይዋኛሉ፤ ትልልቆቹ ታች ይረጋሉ፤ ሁሉም ፊታቸውን ውሃው ወደሚመጣበት ያዞራሉ። የታችኛው ውሃ ከበሩ ተቃራኒ ወገን ሲመጣ ትልልቆቹ ጀርባቸውን ለበሩ ይሰጣሉ። ያን ጊዜ የበሩን የላይ ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ትንንሾቹ ብርሃኑን ተከትለው እየፈሰሱ ይወጣሉ፤ ትልልቆቹ መከፈቱን ሳያዩ ይቀራሉ። የታችኛው ውሃ በበሩ በኩል ሲመጣ ግን በር የሚከፍት ራይስ ቤቱን ለሌባ እንደ ከፈተ ይቆጠራል።

የታችኛው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው በመልሕቁ ገመድ ነው። ውሃ የጠገበ የሐልፋ ገመድ ይሰምጣል፤ ከሥር እስከ ላይ የታቹን ውሃ ተከትሎ ይዘነብላል። ሽዴሊ የገመዱን አዘነባበል የሚያየው ሌላው ሰው የሰዓት ቁጥር እንደሚያይ ነበር፤ ማሰብ አያስፈልገውም።

እሱ ራይስ በሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዓሣው መሳሳት ጀመረ። መረባቸውን በመንጋው ዙሪያ የሚያዞሩ ትልልቅ መርከቦች መጡ። ዓሣውን አይገድሉትም፤ በሕይወቱ ወደ ባሕር በረት እየጎተቱ ይወስዱትና እንደ በሬ ያደልቡታል፤ ከዚያ ለሩቅ ገበያ ይሸጣል። ወጥመዱ በሩ ድረስ የመጣውን ይጠብቃል። መርከቦቹ ዓሣው ያለበት ድረስ ይሄዳሉ። መርሳ ዓማራ ላይ ቡሾቹ ሳይነቃነቁ የሚያልፉ ሳምንታት በዙ።

ወጥመዱን የያዘው ኩባንያ ሲ ነጂብን፣ አቶ ነጂብ እንደ ማለት ነው፣ ሥራ አስኪያጅ አድርጎ የላከው በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 መጋቢት ነበር። ወጣት ነው፣ ከዋና ከተማ ነው፣ ጀልባ ላይ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደርጋል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። በመጣ በሳምንቱ የጭነት መኪና ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ አምጥቶ የመረቡ መጋዘን ግቢ ውስጥ አራገፈ። ሰዎቹ ከበቡት። ሃምዳ፣ ከሽዴሊ ጋር ከቀዛፊነት ጀምሮ የኖረው፣ ጫፉን አንሥቶ አሸተተው።

«ይሄ ገመድ ነው ወይስ የልብስ ማስጫ?»

«አይበሰብስም፣ አሚ ሃምዳ» አለ ሲ ነጂብ፣ ታላቁን እንደ አገሩ ወግ አጎቴ ብሎ። «ክብደቱም ቀላል ነው። ለጉልበታችሁ አስቤ ነው።»

«ለጉልበታችን ካሰብክስ ምሳችን ላይ ሥጋ ጨምር።»

ሰዎቹ ሣቁ። ሲ ነጂብም ሣቀ፤ ከዚያ ሽዴሊን ክንዱን ይዞ ፈንጠር አደረገው።

«ራይስ፣ አልደብቅዎትም። ዘንድሮ የተፈቀደልንን ድርሻ ካልሞላን ይህ መረብ ሁለተኛ ውሃ አይነካም። ፈቃዱ ለመርከቦቹ ይዞራል። የወሰኑት ከእኔ በላይ ያሉት ናቸው።»

«ድርሻው የሚሞላው በትልቁ ነው በትንሹ?» አለ ሽዴሊ።

«በኪሎ ነው፣ ራይስ። ኪሎ ዕድሜ አይጠየቅም።»

ሽዴሊ ገመዱን በእጁ ይዞ ሳበው፣ አጠፈው፣ ጠንካራ መሆኑን አየ። አባቱ ከሞተ ቆይቷል፤ በመንደሩ ሐልፋ የሚገምድ አንድም ሰው አልነበረም። የአሮጌው ገመድ ብዙው ክፍል ተበልቷል። «ይሁን፣ እሰሩት» አለ። ያሰረውም እሱ ራሱ ነው፤ የመልሕቅ ቋጠሮ ለሌላ ሰው አይሰጥም ነበር።

ግንቦት በባዶ አለፈ ማለት ይቻላል። አንዳንድ ቀን ጥቂት ዓሣ ይገባል፤ ይወጣል፤ ሰዎቹ ካርታ እየተጫወቱ ይውላሉ። ሰኔ ላይ ሸርጊ የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ ተነሥቶ ሰነበተና ጀልባ ከወደብ የማይወጣበት ሆነ። ነፋሱ በበረደ ማግስት ጠዋት ጠባቂው እጀ ጠባቡን አውልቆ እያውለበለበ መጣ። ወለል ያለው ክፍል ሞልቷል!

መንደሩ በሙሉ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ሴቶች እልል አሉ። መህቡባ አልወረደችም፤ የራይስ ሚስት ዓሣው ሳይወጣ አትወርድም። ከደጇ ሆና ግን እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ስትመለከት ታየች።

ሽዴሊ በጀልባው ጠርዝ ተኛ፤ ብርድ ልብሱ ወረደበት። ውሃው ነፋሱ ያናወጠው ስለሆነ ደፍርሷል። ላይኛው ክፍል ይታያል፤ ታቹ ወተት እንደ ፈሰሰበት ሻይ ነው። በሚታየው ውስጥ ወጣት ቱናዎች ይሽከረከራሉ፤ ብዙ፣ በጣም ብዙ፤ ጎናቸው እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ከሥራቸው በድፍርሱ ውስጥ ቀስ ብለው የሚያልፉ ትልልቅ ጥላዎች አሉ። ፊታቸው ወዴት እንደሆነ አይለይም። አንገቱ እስኪደነዝዝ አየ። ሲነሣ ፊቱ ላይ የሳጥኑ ጠርዝ ክብ ቀይ መስመር አትሞበት ነበር።

ሲ ነጂብ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው፤ ልማዱን ተምሯል። «እንዴት ነው?»

«ብዙ ነው። አብዛኛው ልጅ ነው።»

«ትልልቆችስ?»

«አሉ፤ ታች። ድርሻህን ይሞላሉ።»

«በሉ እንሳበዋ!»

«መጀመሪያ ትንንሾቹን አሰናብታለሁ።»

ሲ ነጂብ ወደ ሰዎቹ ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ራይስ፣ እባክዎ። ሁሉንም እንውሰድ። ማን ያየናል? እኔ ራሴ ወረቀቱን አስተካክለዋለሁ።»

«እኔ አይቻቸዋለሁ።»

«እርስዎ ነገ ጡረታ ይወጣሉ። እነዚህ ሰዎች ግን ልጅ አላቸው።»

ሽዴሊ ሰዎቹን አያቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ውሃ ጣሉ። ማሰናበቱ ልክ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ምግባቸውም እዚያ ክፍል ውስጥ እንደሚዋኝ ያውቃሉ። ሃምዳ ብቻ አላቀረቀረም።

«እንዳትሳሳት ብቻ፣ ሽዴሊ» አለው።

«ተሳስቼ አውቃለሁ?»

«አታውቅም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።»

ሽዴሊ ቀና ብሎ ወደ መልሕቁ ገመድ ተመለከተ። ሰማያዊው ገመድ ከቡሹ ሥር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ በሩ በኩል፣ ዘንበል ብሎ ይታያል። ውሃው ከበሩ ተቃራኒ ወገን እየመጣ ወደ በሩ ይሄዳል ማለት ነው፤ ትልልቆቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ዕድሜውን ሙሉ ያነበበውን አነበበ። ተመልሶ ተኛና ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ቀኝ እጁን አወጣ። ጡጫ ጨበጠ።

የበሩ ጠርዝ ዝቅ አለ። ትንንሾቹ መጀመሪያ አመነቱ፤ አንዱ አለፈ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሉት። ሽዴሊ በመስታወቱ ውስጥ ሲያያቸው ፈገግ ማለቱን በኋላ ራሱ ተናግሯል። ከአፋቸው እስከ ጅራታቸው ተጠጋግተው፣ ሳይገፋፉ፣ እንደ ፈሰሰ ብር ወጡ። መዳፉን ሊዘረጋ ሲል ታቹ ተነቃነቀ። ከድፍርሱ ውስጥ ጥላዎቹ ተነሡ። ጀርባቸው አልነበረም ለበሩ፤ ፊታቸው ነበር። የመጀመሪያው ሲያልፍ የበሩን ሰማያዊ ማሰሪያ በጥሶት ሄደ፤ መረቡ ወደ ታች ተንሸራተተ።

«ዝጉት! ዝጉት!»

በዚያ ወጥመድ ላይ ራይስ ሲጮኽ የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰዎቹ ጠርዙን ለመሳብ ተረባረቡ፤ የተበጠሰው በኩል ግን የሚያዝ አልነበረውም። አንዱ ቀዛፊ ውሃ ውስጥ ዘሎ ገባና በእጁ ሊይዘው ሞከረ። ቱናዎቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ግድግዳ የተናደበት መሰለው።

ከዚያም ወለሉን ሳቡ፤ ምን ያድርጉ። አንዱ ዘፈኑን አነሣና ማንም ስላልተቀበለው መሐል ላይ ተወው። ወለሉ ወደ ላይ ሲወጣ ዘግይተው የቀሩ ጥቂት ዓሦችና አንድ የማይበላ ክብ ዓሣ ተገኘ። ሲ ነጂብ ጫማው በውሃ ርሶ ተቀምጧል። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል።

ወደ ዳር ሲመለሱ ሃምዳ ከመልሕቁ ገመድ ቁራጭ ቆርጦ ውሃው ላይ ወረወረው። ሰማያዊው ቁራጭ ሳይሰምጥ፣ ነፋሱ የተወውን የላይኛውን ሞገድ ተከትሎ፣ እየተንሳፈፈ ወደ ምዕራብ ሄደ።

«አየኸው? ይህ የሚያሳይህ የላዩን ውሃ ነው። የታቹ ወዲያ፣ ገመዱ ወዲህ። ሂድና ንገራቸው!»

«ምን ብዬ?»

«ገመዱ ዋሸኝ በል! የገዛው እሱ አይደል?»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ ሽዴሊ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለአንዴ እንኳ ጥፋት ለሌላ ሰው ስጥ!»

«ፕላስቲክ እንደሚንሳፈፍ ማን አያውቅም፣ ሃምዳ? ጀሪካን አይተን አናውቅም? እጄ ላይ ነበር። አየሁት፣ ሳብኩት፣ ጠንካራ ነው አልኩ። ይሰምጣል ወይ አላልኩም።»

ሽዴሊ ስለ ገመዱ ለማንም እንዳይናገር አስማለው፤ ሃምዳ የተናገረው ሽዴሊ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ትንንሾቹ ግን ወጥተዋል። በዚያ ሳምንት ሽዴሊን ያቆመው ይህ ነው። ድርሻው ቢጎድልም፣ ሰዎቹ ቢከፉም፣ ባሕሩ ውስጥ ያ ሁሉ ወጣት ዓሣ አለ፤ በሚመጣው ዓመት፣ በሚቀጥለውም፣ ይወልዳል። ለመህቡባ ይህንኑ ነገራት። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ ገባት።

ዓርብ ለምሳ ልጃቸው ሳልሃ ከባሏ ከምንጂ ጋር መጣች። ምንጂ ከሚከብቡት መርከቦች በአንዱ ላይ ጠላቂ ነው። ሽዴሊ ሥራውን አይወድለትም፤ እሱን ግን ይወደዋል፤ ሳቂታ፣ በላተኛ፣ ተንኮል የሌለበት ልጅ ነው። ኩስኩሱ ቀረበ። ምንጂ እየጎረሰ ያወራል።

«አሚ ሽዴሊ፣ የዚህ ሳምንቱን አልነገርኩዎትም! ከአፍንጫው ወዲያ፣ ነፋሱ ባቆመ ማግስት ከሰዓት፣ መንጋ አገኘን። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ወደ መረቡ ተነድተው የመጡ ነው የሚመስሉት።»

«ትልልቅ?»

«ትልልቅም፣ ትንንሽም። ሁሉም አንድ ላይ፣ ደንግጠው ተጠጋግተዋል። ለመክበብ እንዲህ ሲሆኑ ነው የሚመቹት።»

መህቡባ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምንጂ፣ ብላ።»

«እየበላሁ ነው፣ እማማ።»

«ትንንሾቹንስ ምን አደረጋችኋቸው?» አለ ሽዴሊ።

«ምን እናደርጋለን፣ በረት ገቡ። እዚያ ይደልባሉ፤ ሲደልቡ ትንሽ የነበረውን ማን ይለየዋል?»

«ዕንቁላል ሳይጥሉ።»

«በረት ውስጥ ማን ሠርግ ይደግስላቸዋል?» ብሎ ምንጂ ሣቀ። ማንም እንዳልሣቀ ሲያይ ቀልዱን ሊያቃና ሌላ ነገር አመጣ። «ደግሞ አንዱ፣ ትልቁ፣ ክንፉ ላይ ገመድ ተጠምጥሞበት ነበር። እኔ ነኝ ጠልቄ የፈታሁለት። ሰማያዊ፣ አዲስ። የእናንተ ዓይነት አይደለም እንዴ? ሳልሃ፣ አባትሽ ምን ሆኑ?»

ሽዴሊ ምንም አልሆነም። ፊቱ ያለውን ኩስኩስ እስከ መጨረሻው በላ፤ ሳህኑን ወደ ጎን አደረገ፤ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እጁን ታጠበ። ከዚያ ጓሮ ወጥቶ ከወይራው ሥር ተቀመጠ። ሳልሃ ልትከተለው ስትነሣ እናቷ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

ነሐሴ ላይ መረቡ ከባሕር ወጣ። በሌላው ጊዜ ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ እንዳይበሰብስ በቅርፊት ውሃ ተነክሮ ለሚመጣው ሚያዝያ ይዘጋጃል። ያን ዓመት እንደ ወጣ መጋዘን ተጣለ። ሲ ነጂብ ብርዱ ሲገባ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ተናገረ፤ ፈቃዱ ዞሯል።

ሽዴሊና ሃምዳ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ዋና ከተማ ወረዱ። ከአንድ መሥሪያ ቤት አግዳሚ ላይ ሲጠብቁ ውለው አንድ ወጣት ሹም ተቀበላቸው። ሻይ አዘዘላቸው። ሽዴሊ ያሰበውን ሁሉ ተናገረ፤ ወጥመድ የመጣለትን ብቻ እንደሚወስድ፣ ትንሹን መልቀቅ እንደሚችል፣ መርከብ ግን የከበበውን ሁሉ ጠርጎ እንደሚወስድ፣ እንዲህ ከቀጠለ የሚከበብ እንደማይኖር። ሹሙ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ልክ ነዎት፣ ሐጅ» አለው። «የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። አጥኚዎቻችንም የሚሉት ይህንኑ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ወጥመዱ ድርሻውን አልሞላም።»

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ሃምዳ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ባያምነን ኖሮ ይሻለኝ ነበር» አለ።

መልሕቆቹን ለባሕር ዳር ሆቴል ሸጧቸው፤ በነጭ ቀለም ተቀብተው በር ላይ ቆሙ። ከሰዎቹ ገሚሶቹ እነዚያው መርከቦች ላይ ተሳፈሩ። ሃምዳ የሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነ። ሽዴሊ ዓመታቱን ያሳለፈው የባዶውን መጋዘን ቁልፍ ይዞ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልመለሰም። ካፌ ሲገባ ሁልጊዜ ከሚጫወቱት አንዱ ቀና ሳይል «ራይስ፣ በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል» ይለዋል። ሌሎቹ ይሥቃሉ። ሽዴሊ ዞሮ በሩን ይዘጋና ቦታው ላይ ይቀመጣል። ቢመልስላቸው ኖሮ ቀልዱ በወር ያልቅ ነበር። ስላልመለሰ ዓመታት ዘለቀ፤ መጨረሻ ላይ የሚሉትም ሰዎች ለምን እንደሚሉት ረስተውታል።

አንድ ጊዜ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ መህቡባ ባቄላ እየፈለፈለች ሳለ ድንገት ጠየቃት።

«ሁሉንም ወስጃቸው ቢሆንስ?»

«ያኔም በሚቀጥለው ዓመት ይዘጉት ነበር።»

«አንድ ዓመት ግን ይኖር ነበር።»

«ይኖር ነበር» አለች። ልታጽናናው አልፈለገችም፤ እሱም እንዲጽናና አልጠየቀም። «አባቴ ግን በመቃብሩ ውስጥ ይገለበጥ ነበር።»

«እሱስ አሁንም ሳይገለበጥ አይቀርም» አለ ሽዴሊ፤ ሁለቱም ጥቂት ሣቁ።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ ገደሉ ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ቡሾቹ በነበሩበት በኩል ባሕሩ ባዶ ነው። ድሮ መንጋ ሲመጣ የውሃው ፊት ይጨማደድ ነበር፤ ወፎቹ ይቀድሙት ነበር። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ወፎቹም ቀሩ። መርከቦቹ ራሳቸው ዓሣ ፍለጋ ወደ ሊቢያ በኩል ርቀው ሄደዋል፤ ምንጂ ወራት እየቆየ ነው የሚመለሰው፤ ሣቁም ቀንሷል። «ትንንሾቹም የሉም፣ አሚ» አለ አንድ ቀን፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሽዴሊ ራሱን ነቀነቀ። የሚለው ነገር ጠፍቶት አይደለም፤ የተናገረው ሁሉ ልክ እንደሆነ ተነግሮት አብቅቷል።

በሞተበት ዋዜማ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 13 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳልሃ ለእራት ትመጣለች ተብሎ መህቡባ ብሪክ፣ ተሞልቶ የሚጠበስ ስስ ሊጥ፣ ልትሠራ አሰበች። ሊጡን ዘርግታ ስታበቃ የሚሞላው ጎደላት። ሽዴሊ መረቡን እየሠራ ነበር።

«ሰውዬ፣ ተነሥና ዑስማን ሱቅ ሂድልኝ። ዕንቁላልና አንድ ቆርቆሮ ቱና።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። በትዳራቸው ዘመን ያን ነገር ከሱቅ ገዝተው አያውቁም፤ ዓሣው በመጣ ዘመን በጨውና በዘይት ራሷ ታስቀምጥ ነበር፤ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ብሪኩን በድንች ትሞላው ነበር። ሳልሃ ግን በቱና ደስ ይላታል።

«የማን ይሻላል?» አለ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሱን ጠይቀው።»

ኮቱን ለብሶ ወጣ። ነፋስ ነበረ። ዑስማን ባለሱቁ መደርደሪያውን እየወለወለ አገኘው።

«ማርሐባ ራይስ! ምን ልስጥዎ?»

«አራት ዕንቁላል። አንድ ቆርቆሮ ቱና።»

ዑስማን እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ቶሎ ብሎ «የዘይት አለ፣ የውሃም አለ» አለ።

«የትኛው ነው ለብሪክ?»

«የዘይቱ፣ ራይስ። የዘይቱ ይሻላል።»

«ከየት የመጣ ነው?»

ዑስማን ቆርቆሮውን ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጎ ጥቃቅኑን ጽሕፈት አነበበ። «ከሩቅ ነው። የህንድ ውቅያኖስ ይላል።»

«ዓይነቱስ?»

«ቱና ነው የሚለው። ሌላ አይልም።»

«ይሁን፣ ስጠኝ።»

ከፍሎ፣ ቆርቆሮውን በቀኝ ኪሱ፣ ዕንቁላሎቹን በጋዜጣ እንደ ተጠቀለሉ በግራ ኪሱ አደረገ። በሩን ከኋላው ዘጋ። ዳገቱን በዝግታ ወጣ፤ ነፋሱ እንዳያንገዳግደው ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘ። ቤት ሲገባ መህቡባ ምድጃው ጋ ነበረች። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ከዚያ ጋዜጣውን ፈትቶ ዕንቁላሎቹን አንድ በአንድ አወጣ። አንዱም አልተሰነጠቀም።